የሰው ዕቃ የሞላበት ቤት

በየሰፈሩ፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት አንድ ሰው አለ። ሠራተኛ ቁልፉን እሱ ጋ ይተዋል፤ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ጆንያውን እሱ በር ላይ ይጥላል፤ ከትምህርት ቤት መጥቶ በር የተዘጋበት ልጅ እሱ ጋ ቁጭ ይላል። ይህ ሰው ደመወዝ የለውም፣ መጋዘን የለውም፣ ዘበኛም የለውም። ያለው እምቢ ማለት የማይችል ፊት ብቻ ነው። በእኔ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው ራሳችሁ እንዳትሆኑ በራችሁ ሥር ያለውን ዕቃ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

የእኛው አክስቴ ዓፊያ ናት፤ በእኔ አጠራር ክብርት የጨፋ ዳር ጠቅላይ ግምጃ ቤት ኃላፊ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ የጨፋን ረግረግ ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ ነበር። አያቴ በእንጨትና በጭቃ የሠሩት ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ደጃፉ ድረስ ይመጣል፣ ግድግዳው እስከ ጉልበቱ ይረጥባል፣ እንቁራሪት አልጋ ሥር ገብታ ትጮሃለች። በጋ ሲሆን ደግሞ ከቆላ የሚወጡት ከብት አርቢዎች ሣር ፍለጋ ይመጡና አብዛኞቹ የሚሰናበቱት አንድ ነገር አስቀምጠው ነው።

ልጅ ሆኜ በዚያ ቤት ውስጥ የእኛ የሆነ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። ዝናብ እየዘነበ «ጃንጥላውን ልያዝ?» እላለሁ። «የሰው ነው» ትላለች። የጃንጥላ መዓት ካለበት ቤት የወጣሁ እኔ ትምህርት ቤት በስብሼ እደርሳለሁ። ብስክሌት ነበር፣ የሰው ነው። ሬዲዮ ነበር፣ የሰው ነው፤ ባለቤቱ ከፍቶት ስላልሄደ አይከፈትም። ተኝቼበት ያደግኩትን አልጋ እንኳ አንድ ጧት ባለቤቱ መጥቶ ከሥሬ ወሰደው። አክስቴ ቀሰቀሰችኝና ይቅርታ ጠየቀች፤ እኔን ሳይሆን ሰውየውን፣ ስላስጠበቀችው።

ጥቅል ፈትታ አታይም። አንዱ ያስቀመጠው ቅል ውስጥ ቅቤ ኖሮ ቤቱን ዓመት ሙሉ ሲያገማው፣ እኛ አፍንጫችንን ይዘን ስንበላ ከረምን እንጂ ክዳኑ አልተነካም። ደግሞ የማስታወስ ተሰጥዖ አላት ብዬ አልዋሽም። ዕቃው የማን እንደሆነ አንዳንዴ ትረሳለች። የሷ አለመሆኑን ግን ረስታ አታውቅም።

መንገዱ የተረበሸበት ዓመት ሲመጣ ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞላ። ሰው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ የስፌት መኪናውን፣ የሠርግ ምንጣፉን፣ ድስቱን በሯ ላይ እያስቀመጠ አለፈ። እሷ ራሷ መሸሽ ነበረባት፤ «ዕቃውን ለማን ትቼ» ብላ ቀረች። ሰላም ሲሆን ብዙው ተመልሶ ዕቃውን ወሰደ። ያልተመለሰም ነበር። የእነሱን ዕቃ ከሁሉ ከፍ አድርጋ፣ ውሃ በማይደርስበት ቆጥ ላይ ሰቅላ አስቀመጠችው።

እንግዲህ እኔና ወንድሞቼ ተመካክረን፣ አሮጌውን ቤት አፍርሰን ቤተሰብ በሙሉ የሚሰበሰብበት ቤት እንሥራ አልን። ከአሮጌው ጀርባ ከፍ ያለው መሬት ላይ፣ ድንጋይ መሠረት ያለው፣ በብሎኬት፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ ውሃውን በሰፊ መስኮት የሚያይ ቤት። ሥራውን የመራው አብዱልጀባር የሚባል የከሚሴ ግንበኛ ነው። ቤቱ ሲያልቅ አክስቴን ይዤ እየዞርኩ አሳየኋት።

«ይሄ ሳሎን ነው። ይሄ ያንቺ መኝታ ነው። ይሄ የእንግዳ ነው።»

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ዕቃው የት ይገባል?»

«የትኛው ዕቃ?»

«የሰው።»

አብዱልጀባር ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድም ከማል፣ ስቶር አላወጣንም እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ስለ መስኮቱ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ የተጣላነው ወንድማማቾች ስቶር የሚባል ነገር አንዳችንም አላሰብንም። አክስቴ ችግር አላየችበትም። «አብሽሩ፣ የእንግዳው ክፍል ይበቃል» አለች። እኔ ግን አማቴ ሀጂ አቡበከር ከደሴ ሲመጡ፣ በዚያ በሚያብለጨልጭ ክፍል ውስጥ የጀሪካንና የአሮጌ ድስት ክምር ሲያዩ ታየኝ። ሀጂ ልጃቸውን ሪሀናን የዳሩልኝ ቅር እያላቸው ነው። የአሮጌውን ቤት ወሬ ሰምተው «ሱቅ ነው ወይስ ቤት?» ብለው ነበር።

የቤት መግቢያው ዱዓ ቀን ተቆረጠ። አሮጌው ቤት ግን ከአዲሱ ፊት ለፊት፣ ሆዱን እንደሞላ ቆሟል። ዕቃው ካልወጣ አይፈርስም፤ አክስቴም «ባለቤቶቹ ይምጡና» ትላለች። በዚህ መሐል ባቲ ዘመድ ሞተባትና ለቅሶ ሄደች። በሄደች ማግስት ቆራሌው ጋሪውን እየነዳ በመንገዱ ሲያልፍ ጠራሁት።

እሱ ብረቱን ጫነ። ብስክሌቱን፣ ሬዲዮውን፣ የስፌት መኪናውን፣ ጎላውን ሁሉ። ያልፈለገውን ሠራተኞቹ አቃጠሉት። ቆጡ ላይ የነበረው ጭምር። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ፈረሰ፣ ውሃው ከአዲሱ ሳሎን ወለል ብሎ ታየ። ያን ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አክስቴ ከባቲ ተመልሳ ከባጃጅ ስትወርድ አሮጌው ቤት የነበረበትን ቦታ አየች፣ አዲሱን አየች፣ እኔን አየች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«የማንን የማንን ሰጠኸው?» አለችኝ።

የማን እንደሆነ መች አውቄ። እንደ ሌባ መሬት መሬት አየሁ፤ ሌባ እንኳ የሰረቀውን ያውቃል። በማግስቱ ቆራሌውን ፍለጋ ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ፣ ከብረት ተራራ መሐል ስቆፍር ውዬ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ አንድ ማንቆርቆሪያ ይዤ ተመለስኩ። ሁመድ የሚባለው የቆላው ሰውዬ ያስቀመጠው እንዲህ ያለ ነበር። አክስቴ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ የሁመድ አይደለም። የማን ነው?»

«እንጃ።»

«እንግዲህ ይሄም የሰው ነው» አለችና አዲሱ ኩሽና ውስጥ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ በርጩማ ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥ ጀመር። ዕቃ የነበረው ሰው ሲያልፍ ትነሳና ይቅርታ ትጠይቃለች። «ዘይና፣ አማናሽን አጥፍቻለሁ። አፉ በይኝ።» ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ «አፉ ብያለሁ እማማ» ይላሉ፣ ከጀርባዋ ያለውን አዲስ ቤት ያያሉ፣ ነገሩ ይገባቸዋል፣ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ቀርቤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እሷ አይደለችም» አልኩት አንዱን ሽማግሌ። አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተን ማን አደራ ሰጠህ?» አለችኝ።

ስድብ አልነበረም። ጥያቄ ነው፤ መልሱም ማንም የሚል ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ኖሬ አንድ ሰው አንድ ጃንጥላ አስቀምጥልኝ ብሎኝ አያውቅም። ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ቤት ሠሪ፣ የሀጂ አቡበከር አማች ነኝ፤ ሰው ግን ዕቃውን ከኔ ጋር ትቶ አይሄድም።

የባሰው የገበያ ቀን ነው። ድሮ ጧት ጧት በራችን ላይ ጆንያ፣ ዶሮ፣ ጀሪካን ይደረደር ነበር። አሁን ሰዉ በአዲሱ የብረት በር ፊት ሸክሙን እንደተሸከመ ያልፋል። ዘይና ከሸክሟ ክብደት ለሁለት ታጥፋ «አከም ቡልተን?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ትላታለች። አክስቴ «ነጉማ፣ አልሀምዱሊላህ። አውርጂና እረፊ እንጂ ልጄ» ትላታለች። «አይ፣ ቀላል ነው» ትላለች ዘይና፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ። አክስቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ትቀመጣለች። እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ሴራሚኩ ላይ ቆሜ በመስኮት አያለሁ፤ የቆምኩበት ወለል ቢውጠኝ በወደድኩ።

የዱዓው ቀን ደረሰ። በጉ ታርዶ፣ ሸሆቹ ገብተው፣ ገና ቂብላውን ሳይዙ ውጭ ሁመድ መጣ። ከብቱን ወደ ሰንበቴ ገበያ እየነዳ ነው። ከኋላው በገመድ የሚጎትታት አንዲት ፍየል ታነክሳለች። አክስቴ ተነስታ ተቀበለችው።

«ሁመድ፣ ማንቆርቆሪያህን አጥፍቻለሁ። አፉ በለኝ።»

ሁመድ ወደ ውሃው አየ። አሮጌው ቤት የነበረበት ባዶ መሬት ላይ ዓይኑ ትንሽ ቆየ። «የአባቴ ነበር» አለ። ከዚያ «አፉ ብያለሁ እናቴ፣ ወላሂ ከልቤ» አለ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። «ይቺ እግሯን ታማለች፣ ሰንበቴ አትደርስልኝም። እስክመለስ አንቺ ጋ ትሁን» ብሎ የፍየሏን ገመድ ዘረጋላት።

አክስቴ እጇን ከነጠላው አላወጣችም። «ለሱ ስጠው» አለች፣ በአገጯ ወደኔ እያመለከተች።

ሁመድ አየኝ። አስተያየቱ ረጅም ነበር፤ ጫማዬን፣ ነጭ ጀለቢያዬን፣ ቤቱን፣ ከዚያ ፊቴን። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠና ከብቱን ተከትሎ ሄደ። ፍየሏን ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ በረንዳው ላይ፣ አዲሱ ምሰሶ ላይ አሰርኳት። ሴራሚኩን ወዲያው አበላሸችው።

ሀጂ አቡበከር ከዘመዶቻቸው ጋር ሲደርሱ ይመጣሉ ከተባሉት እጥፍ ነበሩ። ሪሀና ኩሽና በር ላይ ሆና ሥጋው እንደማይበቃ በዓይኗ ነገረችኝ። ሀጂ ፍየሏን አዩ።

«ይቺም ትታረድ እንጂ፤ ምን ትጠብቃለች?» አሉ። አንዱ የወንድማቸው ልጅ ቢላ ይዞ ተነሳ።

«አትንኳት» አልኩ።

«ለምን?»

«የሰው ናት።»

ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። ሀጂ ሳቁ። «የሰው ብትሆንስ፣ ሌላ ትተካለት የለ? ሰደቃ እኮ ነው ልጄ፣ ባለቤቷም ምንዳ ያገኝበታል።»

ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሸሆች ተቀምጠዋል፣ ቢጠየቁ መልስ አያጡም። እኔ ግን ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ በልጁና በፍየሏ መሐል ቆሜያለሁ። «የሰው ናት ሀጂ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። ደጋግሜም አልኩት፣ እንደ ሞኝ። የደሴ እንግዶች እርስ በርስ ተያዩ። አማቴ «እሺ፣ እሺ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ፊታቸው እንደከፋ ነው። ያን ቀን ሥጋው ለእንግዶቹ እየተቆራረሰ ደረሰ፤ ሀጂ ሳይጠግቡ ነው የተነሱት። እኔም አፍሬ ዓይናቸውን አላየሁም።

እንግዳው ሲሸኝ በረንዳው ላይ ከፍየሏ ጎን ተቀመጥኩ። አክስቴ መጥታ ቆመች።

«ውሃ ሰጥተሃታል?» አለችኝ።

አልሰጠኋትም። ቀኑን ሙሉ በነፍሴ ስጠብቃት ውዬ ውሃ መጠጣቷን ረስቻለሁ። እንደገና አፈርኩ። ብድግ ብዬ በሩ አጠገብ የነበረውን ባልዲ አነሳሁና ወደ ጨፋው ለመውረድ ተራመድኩ።

«ያን ተወው» አለች አክስቴ። «የዘይና ነው። ቅድም ነው ያስቀመጠችው።»