ነቀዝ የማይደፍረው ቡና

[ይርጋጨፌ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን። የወንድሙን ጨርቅ ሱቅ ትቶ ዘንድሮ ቡና ነጋዴ የሆነው ነዚፍ፣ ከትናንት ጀምሮ ጆንያ ውስጥ ነጫጭ የናፍታሊን ኳሶች ሲከት ነው የዋለው። የወናጎው ልጅ ኤልሮኢ፣ ጫኙም ተላላኪውም ጓደኛውም፣ የጆንያውን አፍ ይዞለታል።]

ኤልሮኢ፦ አምስት ይበዛል እኮ ነው የምልህ።

ነዚፍ፦ አይበዛም። ለአንድ ቁምሳጥን አራት ነው። ጆንያ ደግሞ ከቁምሳጥን ይበልጣል።

ኤልሮኢ፦ ጆንያ ከቁምሳጥን ይበልጣል?

ነዚፍ፦ ቡና ሲሞላ። በደንብ ያዘው።

ኤልሮኢ፦ [አንዷን ኳስ አንስቶ ያያታል] ከረሜላ ነው የምትመስለው። [ወደ አፉ ያስጠጋታል]

ነዚፍ፦ [እጁን መታ አድርጎ] አንተ ልጅ፣ ልትሞትብኝ ነው? መርዝ እኮ ነው። ሕፃን ልጅ ከዋጣት ደሙን ነው የምትፈጀው። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል። ሱቅ እያለሁ ከእኔ ለገዛች እናት ሁሉ እነግር ነበር፣ የሕፃን ልብስ ከሆነ ፀሐይ ላይ ሳታናፍሺ እንዳታለብሺው እያልኩ።

ኤልሮኢ፦ እና ቡና ውስጥ ለምንድነው የምንከተው?

ነዚፍ፦ ቡና ሕፃን ነው?

ኤልሮኢ፦ አይደለም።

ነዚፍ፦ ታዲያ።

ኤልሮኢ፦ የሚጠጣው ሰው ግን አለ አይደል?

ነዚፍ፦ እስከዛ ይጠፋል። የዚህ ነገር ተአምሩ ምን መሰለህ? በረዶ መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ውሃ ይሆናል፣ ከዛ ነው የሚተነው። ይሄ ግን ቁጭ ባለበት ሳይቀልጥ ቀጥታ አየር ነው የሚሆነው። ልብስ መሃል ታስቀምጠዋለህ፣ ቆይተህ ስትከፍት ጠብታ የለ፣ ምን የለ። ሌባ የወሰደው ነው የሚመስልህ።

ኤልሮኢ፦ የት ሄዶ?

ነዚፍ፦ አየር ውስጥ ነዋ።

ኤልሮኢ፦ አየሩስ የት ይሄዳል? ጆንያው እኮ ይታሰራል።

ነዚፍ፦ [ጆንያውን እየዳበሰ] በቀዳዳ ይወጣል። ጆንያ ሁለመናው ቀዳዳ ነው።

ኤልሮኢ፦ ነቀዙስ በዛው ቀዳዳ አይወጣም?

ነዚፍ፦ እሱማ ሽታው አዙሮት መውጫው ይጠፋዋል። ስንቴ ላስረዳህ? ብል ልብስ ይበላል፣ ናፍታሊን ብልን ይገድላል። ነቀዝ ደግሞ ቡና ይበላል። የቀረውን አንተ ጨርሰው።

ኤልሮኢ፦ ናፍታሊን ቡናን ይገድላል።

ነዚፍ፦ ወላሂ አንተን ማስረዳት ጎማ የሌለው ባጃጅ እንደመግፋት ነው።

ኤልሮኢ፦ ነቀዝ ግን ያየነው አንድ ነው። እሱንም ረግጠኸዋል።

ነዚፍ፦ አንዱስ ዘመድ የለውም? ስማ፣ ዘከርያ የሰጠኝ ይሄን ዓመት ብቻ ነው። ቡናህ ከተሸጠ ነግድ፣ ካልተሸጠ ተመልሰህ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ትለካለህ ብሎኛል። ታላቅ ወንድም ሲናገር ደግሞ ታውቃለህ። እኔ የመጋረጃ ጨርቅ ስለካ ማርጀት አልፈልግም።

ኤልሮኢ፦ የዲላው ገዢ ቡና ቀማሽ አለው አይደል፣ እሱስ ቢሸተው?

ነዚፍ፦ ቀማሽ እኮ አይጠጣም። በማንኪያ ሳብ ያደርገውና ይተፋዋል። የሚተፋ ሰው ምን ይሆናል?

ኤልሮኢ፦ የሚተፋው ስላልጣፈጠው ነበር የሚመስለኝ።

ነዚፍ፦ ሥራው ነው መትፋት። ደሞዙን የሚበላበት ነው።

ኤልሮኢ፦ እሳት ቢነሳስ?

ነዚፍ፦ እሱን በደንብ ጠየቅክ። ይነዳል፣ ያውም በጥቁር ጭስ። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ እኮ ነው የሚያወጡት። ቀለም ይሠሩበታል፣ ፕላስቲክ ይሠሩበታል። ስልኬ ላይ ነው ያየሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይ ነው ያደርኩት።

ኤልሮኢ፦ እኔ ራሴን እያመመኝ ነው።

ነዚፍ፦ ጥያቄ ስለምታበዛ ነው።

[የነዚፍ ስልክ ይጠራል። አይቶ ከጆንያው ቀና ይላል።]

ነዚፍ፦ የዲላው ገዢ ነው፣ ዝም በል። [በስልክ] አቤት ጋሽ ጉግሳ። አዎ፣ ትናንት በኤልሮኢ የላክሁት ናሙና። ቀመሱት? እሺ። ሎሚ? አበባ? እሺ። ጠቅላላውን? መኪናው መንገድ ላይ ነው? እሺ፣ እሺ ጋሽዬ፣ እዚሁ ነኝ። [ስልኩን ይዘጋል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል]

ኤልሮኢ፦ ምን አሉ?

ነዚፍ፦ ዘንድሮ ከቀመሱት ሁሉ አንደኛ ነው። ሎሚ ሎሚ ይላል፣ አበባ አበባ ይላል አሉኝ። ያለውን በሙሉ ነው የሚወስዱት። ቀማሹን ይዘው ወደዚህ እየመጡ ነው፣ ሊደርሱ ነው።

ኤልሮኢ፦ የናፍታሊኑስ ሽታ?

ነዚፍ፦ አበባው እሱ ነዋ። ናሙናው ውስጥ ሁለት ኳስ ከትቼ አይደል የላክሁህ? በሁለት ኳስ እንዲህ ከሆነ በአምስት የሚሆነውን አስበው።

ኤልሮኢ፦ እኔን ሽንት ቤት ነው ያስታወሰኝ።

ነዚፍ፦ አፍንጫህ ስላልሠለጠነ ነው። በል ያቺን የቀረችውን ጆንያ ክፈታት፣ እሷ ላይ አሥር እንጨምርባት።

ኤልሮኢ፦ ናሙናው እኮ ዲላ አልደረሰም።

ነዚፍ፦ ምን ማለት ነው አልደረሰም? ሰውየው ቀምሰው ነው የደወሉት።

ኤልሮኢ፦ ሚኒባሱ ውስጥ ሸተተ። መጀመሪያ አንዷ እናት፣ ቁምሳጥን የጫነ ሰው አለ እንዴ አሉ። ከዛ አንዱ ራሴን አለ፣ ሌላዋን አስመለሳት። ረዳቱ ወናጎ ላይ ከነከረጢቴ አወረደኝ።

ነዚፍ፦ ከዛስ?

ኤልሮኢ፦ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁም አወረደኝ።

ነዚፍ፦ ከዛስ፣ ኤልሮኢ?

ኤልሮኢ፦ ከዛማ ደፋሁት። አክስቴ ትንቢት እዛው ወናጎ አይደለች? ለቤቷ ያስቀመጠችው የጓሮዋ ቡና ነበራት። ከረጢት ቀይሬ ከሱ ሞላሁና ሄድኩ። ቡና ያው ቡና ነው ብዬ።

ነዚፍ፦ [ጆንያዎቹን ዞር ብሎ እያየ] ለምን አልነገርከኝም?

ኤልሮኢ፦ ስመለስ፣ አደረስክ ወይ ነው ያልከኝ። አድርሻለሁ። ሌላ ነገር ልናገር ስል ስለ ብልና ስለ ነቀዝ ጀመርክልኝ።

ነዚፍ፦ ኳሶቹን እናውጣ። በል እጅህን ክተት፣ ፍጠን።

ኤልሮኢ፦ ኳሱስ ይወጣል። ሽታውስ?

ነዚፍ፦ ይተናል ብዬሃለሁ።

ኤልሮኢ፦ መቼ?

[ውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ነዚፍ እስከ ክርኑ ቡና ውስጥ እንደገባ ይቀራል።]

ነዚፍ፦ አሁን ምን ይሻለኛል?

ኤልሮኢ፦ ወደ ዘከርያ ሱቅ ስትመለስ ይሄን ቡና ይዘህ ሂድ። አንድ ሁለቱን ጆንያ ጨርቁ መሃል ብታቆማቸው፣ ብል በዛ በኩል አያልፍም።