በፍራሽ የቀናሁ ሰሞን

ሰው በሰው ይቀናል፤ ያለ ነው። በጎረቤት በሬ፣ በባልንጀራ ባል፣ በእህት ጠጉር የቀናም ሞልቷል። በፍራሽ የቀና ሰው ግን ከእኔ በቀር አላውቅም። ካለ ይምጣና ማኅበር እንጠጣ።

እኔ ቢቸና ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ከያዘች ሰባት ወሯ ነው። ከጤና ጣቢያ እየመጣች የምታያት ነርስ፣ ሲስተር ብርቱካን፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ሰው በአንድ ጎኑ ተኝቶ ከቆየ ሥጋው ደም ያጣና ይቆስላል፤ ቁስሉም አጥንት ድረስ ይዘልቃል» ብላ አስፈራራችኝ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዬን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቼ፣ ሰዓታት እንደሚቆም ቄስ ሰዓት ስጠብቅ እውላለሁ። በየሁለት ሰዓቱ መቀሴን አስቀምጬ አገላብጣታለሁ። በሰባት ወር ውስጥ አንዲት ቁስል አልወጣባትም። ምስጋናዬስ? «ቀስ በይ እንጂ! እጅሽ እኮ መጅ ነው!» በቃ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሞጣ የሚነግደው ታናሽ ወንድሜ ደምሴ፣ ደብረ ወርቅን አቋርጦ፣ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ከተፍ አለ። የአየር ፍራሽ! በትንሽ ሞተር ይሠራል፤ ሽንሽኖቹ ተራ በተራ ይነፋሉ፣ ተራ በተራ ይተነፍሳሉ፤ እንዲህ እያደረጉ የተኛው ሰው ክብደት አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ያዘዋውራሉ። እናቴ ተኛችበትና ዓይኗን ጨፍና፣ «ደመና ላይ አስተኛኸኝ ልጄ! ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ!» አለች። ሰባት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ምርቃት በሰባት ደቂቃ ዘነበ። እሱም ምርቃቱን ጠቅልሎ በማግሥቱ ሞጣ ገባ።

ከዚያማ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሽ ሊሳለም መጣ። አንዷ በጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች፤ አንዷ ጆሮዋን ጥላ ሞተሩን ታዳምጣለች። እናቴ ለሁሉም «የልጄ ሥራ ነው» ትላለች። እኔስ የማን ልጅ ነኝ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው የሚባለው እውነት ከሆነ፣ ሠሪውም አጣሪውም እኔ፤ ተመራቂው ሞጣ! በፍራሽ ቀናሁ። «እንግዲያው ፍራሹ ያገላብጣት!» ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሲስተር ብርቱካንን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፤ ግን ቅናት መቼ ምክር ይጠይቃል? እናቴም «ተይኝ፣ ተመችቶኛል» ስትለኝ ለኩርፊያዬ ምስክር አገኘሁ።

በሦስተኛው ቀን እግሯን ሳጥብ አንድ ተረከዟ ቀልቶ አየሁ። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ ቅላቱ ንቅንቅ አላለም። የቁስል መጀመሪያ እንዲህ እንደሆነ ሲስተር አስተምራኝ ነበር። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ በልቤ እልል አልኩ፤ ፍራሹ ተዋረደ! ቀጥዬ ቀና ስል የእናቴን ፊት አየሁ። ምንም አታውቅም። «ምነው ማጠቡን ተውሽ? ውኃው ቀዘቀዘብሽ?» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲስተር ብርቱካን ጠርቻት መጣች። «በቀን ስንት ጊዜ አገላበጥሻት?» አለችኝ።

«ፍራሹ እኮ...»

«ፍራሹ ያግዝሻል እንጂ አይተካሽም። ደግሞ ተረከዝን ለፍራሽ አደራ አይሰጡም» አለችና ከባቷ ሥር ትራስ አድርጋ ተረከዟን ከፍራሹ አነሳችው።

ለደምሴ ደውዬ ተናዘዝኩ። ይጮህብኛል ስል እሱ፣ «እታለም፣ እኔም ልናዘዝ። በደወልኩ ቁጥር እናታችን የምታወራኝ ስለ አንቺ እጅ ብቻ ነው። ‹እሷ ባትኖር በስብሼ ነበር› ትለኛለች። ፍራሹን የገዛሁት ቀንቼ ነው» አለኝ።

ይታያችሁ! ቢቸና ላይ መጅ የሆነው እጄ ሞጣ ሲደርስ ሐር ሆኗል።

እንደ ቀድሞው በየሁለት ሰዓቱ ሳገላብጣት ቅላቱ በሳምንቱ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አንዲት ጎረቤት ሊጠይቋት ገቡ፤ እናቴም «የልጄ ፍራሽ አዳነኝ!» አለቻቸው። እንግዳዋ ሲወጡ አልቻልኩም። «አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ብታመሰግኚኝ ምን አለበት? ለሱ እኔን ታወድሻለሽ፣ እኔ እየሰማሁ እሱን!» አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሞኝ! የሩቅ ልጅ በምርቃት ካልሳቡት፣ በቅናት ካልነካኩት ይመጣል? አንቺማ አጠገቤ ነሽ፤ በምን ልሳብሽ?» አለችኝ።

ነገሩ ገብቶኛል። ትናንት ለደምሴ ደውዬ ለስፌት ቤት የሚሆን አንድ ክፍል ሞጣ ላይ እንዲፈልግልኝ ነግሬዋለሁ። እሱ ቢቸና መጥቶ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣት፤ እኔ ከሞጣ ሆኜ እመረቃለሁ።