ከረሜላ እህል ነው?

ከረሜላ የሚያኝክ ሰው አልወድም። ከረሜላ ይመጠጣል እንጂ አይኮረሸምም። ኮረሻሚ ሰው ችኩል ነው፤ ከችኩል ሰው ጋር ደግሞ ጎረቤትም አያርፍም። ጥርሷ ስላለቀ ነው እንዲህ የምትለው ትሉኝ ይሆናል። ጥርሴ አለ። ሁሉም አይደለም እንጂ አለ። ጥርስ በሞላልኝ ዘመንም ከረሜላ አኝኬ አላውቅም።

አሁን ወረታ መገንጠያው ላይ ቁሙና እዩ። ባጃጅ የሚጠብቀው ሁሉ ጉንጩ ውስጥ የሱቅ ከረሜላ ያንከባልላል። ላስቲኩን ሲልጡት እንዴት ይንኮሻኮሻል! ውስጡ ምን አለ? ቀለም። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ። አንዱን ቢጫ ሰጡኝና ምንድን ነው ብል፣ አናናስ ነው አሉኝ። አናናስ አይቼ አላውቅም። ከረሜላውን የሠራው ሰውም ያየ አልመሰለኝም።

የኔ ከረሜላ ሌላ ነው። ስኳር፣ ውሃ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ሰሊጥ። ከጓዳ የሚጠፋ ነገር የለበትም። ላሳያችሁ፤ ሙያ ደብቆ መሞት ጥሩ አይደለም። ደግሞም ብነግራችሁም አትችሉትም።

ስኳሩን ወፍራም ድስት ውስጥ ታደርጉና ውሃ ጠብ ታደርጉበታላችሁ። እንዲርስ እንጂ እንዲዋኝ አይደለም። እሳቱ ረጋ ያለ ይሁን። ከዚያ አታማስሉት። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያገሬ ሴት ማማሰያ ከያዘች እጇ አርፎ አይቀመጥም፤ ወጥ ለምዳ። ስኳር ግን ኩሩ ነው። ነካ ነካ ካደረጉት ይቀየምና ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። አንዲት ጎረቤቴ አታማስዪ ብዬ፣ ምዬ ተገዝቼ ነግሬያት፣ ዞር ስል አማሰለች። አሸዋ ሆነባት። ምን አደረገችው? ለእድርተኛ ሻይ አፈላችበት። ሎሚ ያለው ስኳር ነው ብላ ተመሰገነች። አንዳንድ ሰው ጥፋቱም ያምርበታል።

ሲፈላ ሎሚውን ጠብ ታደርጋላችሁ። ቀለሙ ማር ሲመስል በማንኪያ ጫፍ ቀንሳችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣል ነው። ከተለጠጠ ገና ነው። ሲነክሱት ቋ ካለ ደርሷል። ካረረ ጎረቤት ሳይሸተው ድፉት። ቋ ያለ ጊዜ የተወቀጠ ዝንጅብልና የተቆላ ሰሊጥ ትጨምሩና ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ታፈሱታላችሁ። ቅቤ የሚቀቡ አሉ። እኔ ቅቤ አላስነካውም፤ የኑግ ዘይት ነው። ቤቴ ካህን ይመጣል፤ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ደግሞ ትልልቆቹ አጽዋማት አሉ። ቅቤ የነካው ከረሜላ መቼ ሊበላ ነው? ሳይደርቅ ትቆራርጡትና እንዳይጣበቅ የሩዝ ዱቄት ላይ ታንከባልሉታላችሁ። ሩዝ የሌለው አገር በምን እንደሚያንከባልል አላውቅም። የራሱ ጉዳይ።

ይሄን ሙያዬን ሁሉ ሰው ያውቅልኛል። አንዲት ሴት ብቻ ናት የናቀችው። ይታይሽ ትባላለች፤ የይፋግ ሴት ናት። አንድ ክርስትና ላይ አብረን ተጠራን። እኔ ከረሜላዬን በሰፌድ ይዤ ሄጃለሁ። ሰው ሁሉ እያነሳ ይመርቀኛል። እሷ አንዷን ላስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችና፣ በዚያ በመለከት ድምጿ፣ «ምነው የዝና፣ ይሄ የልጅ ማባበያ ነው እንጂ ምኑ እህል ይባላል?» አለች። ሰው ሳቀ። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ግማሾቹ ሞተዋል። እኔ አልገደልኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ይታይሽና እኔ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። «እንደምን ከረምሽ» «እግዜር ይመስገን» ነው። ሰላምታማ ለጠላትም ይሰጣል።

እንግዲህ ስሙኝ። እናትነሽ የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትምህርቷን ጨርሳ እዚሁ ወረታ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ይቺ ልጅ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወረታ ሙሉ ወንድ እያለ፣ ጎንደር ባሕር ዳር እያለ፣ የይታይሽን የልጅ ልጅ ወደደች! ፈንታሁን ይባላል፤ ባለ ባጃጅ ነው። ልጁ አይከፋም፤ ሐሰት አልናገርም። አሮጊት ሲያይ ያቆማል። ግን ከይታይሽ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እልል ልል ነው? እሷ አማቼ ተብላ መሶቤን ልትከፍት ነው?

መጀመሪያ ተስፋ ያደረግኩት ሰባት ቤት ቆጠራውን ነበር። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። አያት ቅድመ አያት እያልን በደንብ አስቆጠርኩ። ቆጠራው መሃል ላይ ግን ደነገጥኩ። ዝምድና ከተገኘ እኮ ይታይሽ ዘመዴ ልትሆን ነው! ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ደግነቱ ምንም አልተገኘም። ክፋቱም ምንም አልተገኘም።

ከዚያ ልጄን አበጀን፣ የእናትነሽን አባት፣ ጠርቼ መከርኩት። አበጀ በሬ ያሸንፋል እንጂ ሰው አያሸንፍም። «ሽማግሌ ሲመጣ እምቢ አትበል፤ ያስወቅሳል። እሺም አትበል፤ እኔን ትገድለኛለህ። እንመካከርና ቀጠሮ እንሰጣለን በል። ቀጠሮውን የሩዝ አጨዳ መሃል ጣለው። ሲመጡ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ስጥ። ሰልችቷቸው ሌላ ቤት ይሄዳሉ» አልኩት። «እሺ እማ» አለ። አበጀ ሁሌም እሺ ነው የሚል። ፈተናውም እሱ ነበር።

ያገራችንን የጋብቻ ሽማግሌ ታውቁታላችሁ። በማለዳ ነው የሚመጣ። ይገባል እንጂ አይቀመጥም። ቁጭ በሉ ሲባል «ጉዳይ አለን» ብሎ ይቆማል። እሺ ሳይባል ደግሞ የቤቱን እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ልጅቱ ተሰጠች። ይሄ ሕግ የትም አልተጻፈም። ስላልተጻፈም ነው ማንም የማይጥሰው። የተጻፈውንማ ሁሉም ይጥሰዋል። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ግማሹን ሳልጨርስ የአረም ጊዜ ደረሰና ተበተንን። ቢሆንም የተጻፈና ያልተጻፈ ሕግ ለይቼ አውቃለሁ።

የመጡ ዕለት የገና ጾም ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከረሜላዬን አውጥቼ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አቀዝቅዣለሁ። ሦስት ሽማግሌ ከች አለ። ቄስ ሞገስ በመስቀላቸው። አያ ታከለ በነገራቸው፤ እሳቸው ከአህያ ጋር ቢከራከሩ አህያዋ ካሳ ትከፍላለች። ሦስተኛውን ሰውዬ አላውቀውም። ሥራው ጭንቅላት መነቅነቅ ነበር፤ ይወጣዋል።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

«እግዜር ይመስገን። ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«ጉዳይ አለን» አሉና ተገተሩ።

አበጀ ከጓዳ ብቅ አይልም። ኮቱን ይፈልጋል። ያ ኮት ለቀብርም ለሰርግም የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ሲፈለግ ጠፍቶ አያውቅም፤ የዚያን ዕለት ጠፋ። እነሱ ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ እንተያያለን። ይሄኔ ቄስ ሞገስን ሳል ያዛቸው። ሲስሉ፣ ሲስሉ፣ ፊታቸው ቀላ። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅት ጓዳ ትደበቃለች አይደል ወጉ? እናትነሽ ከጓዳ ወጣች! አንገቷን ደፍታ መስቀል ተሳለመች፤ ከትሪው አንድ ከረሜላ አነሳችና መዳፋቸው ላይ አኖረች።

«አባ፣ ለጉሮሮዎ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ሰው ሳል ላይ ሆኖ አያስብም። ቄስ ሞገስ ጎረሱት። ሳሉም ቆመ። ምን ያድርግ? የኔ ዝንጅብል ነው።

አበጀ ኮቱን እየቆለፈ መጣ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ተናገሩ። አበጀ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እንግዲህ እንመካከርና ቀጠሮ…» ሲል አያ ታከለ በዱላቸው መሬት መቱ።

«የምን ቀጠሮ? ተቀምሷል እኮ!»

«ምን ተቀመሰ?» አለ አበጀ።

አያ ታከለ በዱላቸው ወደ ቄስ ሞገስ ጉንጭ አመለከቱ። ጉንጩ አብጧል። ሁላችንም ጉንጩን አየን። ጉንጩም ወዲያና ወዲህ አለ።

«የቤቱን እህል ቀምሰናል። ልጅቱን ሰጥታችሁናል። እግዜር ይስጥልን» አሉ አያ ታከለ። ሦስተኛው ሰውዬ ነቀነቀ።

ቄስ ሞገስ ግን ደነገጡ። ለምን አትሉኝም? ጾም ነዋ! ገና ቅዳሴ አልወጣም! እህል ከሆነ ቄሱ በማለዳ ጾም ገደፉ ማለት ነው።

«ኧረ ታከለ፣ አፍህን ያዝ! ይሄ እህል አይደለም፤ መድኃኒት ነው!»

«አባ፣ ጣፍጦዎታል?»

ካህን አይዋሽም። «እሱስ… ጣፍጧል።»

«የጣፈጠ ሁሉ እህል ነው።»

«ኃጢአትም ይጣፍጣል፤ እህል ነው?»

«ታዲያ ይትፉታ!»

ቄስ ሞገስ ግን አልተፉትም። እንዲያው ልብ ብላችሁልኝ ከሆነ፣ መምጠጡንም አላቆሙም።

አበጀ ነፍስ ዘራ። «አባ ልክ ናቸው፤ ከረሜላ እህል አይደለም» አለ። አያ ታከለ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ሩዝ መጀመሪያ እዚህ ፎገራ የመጣ ጊዜ አባትህ ምን ነበር የሚል? ይሄ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሣር እህል አይደለም ይል ነበር። ዛሬ እንጀራህ ከምንድን ነው?» አሉት። እንጀራችን ከጤፍና ከሩዝ ነው።

አያችሁልኝ ጉድ? ለልጁ ሊለምኑ ከመጡት አንዱ እህል ነው ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል። አንዱ ሙሽራ ይፈልጋል፣ አንዱ ጾሙን ይፈልጋል። ሦስተኛው ለሁለቱም ይነቀንቃል። መጨረሻ ላይ አያ ታከለ፣ «የሠራችው ትፍረድ» አሉ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የጓዳውም መጋረጃ ነቅነቅ ሲል አይቻለሁ።

አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ። «እህል አይደለም።» በቃ! ልጄ ቤቴ ትቀራለች። የቄሱ ጾም ይድናል። ይታይሽ ይፋጓ ላይ ታርፋለች። አፌን ከፈትኩ። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ደረሰች። እንዲያው ልወጣ ልወጣ ስትል ቄስ ሞገስ፣ ሊያግዙኝ ብለው፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«በሉ እንጂ እትዬ የዝና፣ ይንገሩልኝ። እንዲያው የልጅ ማባበያ ነው አይደል?»

የልጅ ማባበያ!

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ ካህን ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። «ሰሊጥ እህል አይደለም? ሩዝ እህል አይደለም? ስንት ምጥ የበረደላት ሴት አፏን በዚህ አይደል የፈታችው? መንገደኛው ምሳ ሲያጣ በዚህ አይደል ጣራ ገዳም ዳገቱን የወጣው? እህል ነው! ከእንጀራም በላይ እህል ነው! አባ፣ እርስዎ ጾም ገድፈዋል፤ ንስሐዎን ይግቡ!»

አያ ታከለ በርጩማ ሳቡና ቁጭ አሉ። ሦስተኛውም ቁጭ አለ። ከጓዳ እልልታ መጣ። በሰው ቤት እናት ናት እልል የምትል፣ ወይ ጎረቤት ነው። በኔ ቤት ሙሽራዋ ራሷ!

ቄስ ሞገስ ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው ስግደት ታዘዘባቸው። አሁንም ጉንፋን ሲይዛቸው ከረሜላ ፈልገው ሰው ይልኩብኛል። ከቅዳሴ በኋላ ነው ታዲያ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ይታይሽ መጣች። ሰፌዱን ይዤ ራሴ ፊቷ ቆምኩ። የአማት ቤት እህል አይመለስም፤ አንስታ ጎረሰች። እንዴት እንደምትበላው ሳላይ ከፊቷ ዞር አላልኩም። መጠጠች። አላኘከችም። ይሄን ካየሁ በኋላ ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ መጥፎ እንዳልሆነች ተረዳሁ። ድምጿ ግን አሁንም መለከት ነው።

እናትነሽን በመልስ ዕለት ለብቻ ይዤ ጠየቅኋት። «ያን ቀን ከጓዳ የወጣሽው እውነት ለቄሱ ጉሮሮ ብለሽ ነው?»

«መድኃኒት ቤት አይደል የምሠራው እማማ? ሲታመሙ ማየት አልችልም» አለች።

«እኔ እህል አይደለም ብልስ ኖሮ?»

«አንቺ?» ብላ ሳቀች። እስኪያልባት ሳቀች። ሳቋን ብቻ ትታልኝ ከባሏ ጋር ባጃጁ ላይ ወጣች።

ሰባኪው ሁሉ ትዕቢት ጥፋት ነው፣ ትሑት ሁኑ ይላል። ይበል፤ ሥራው ነው። ግን እኔ የዚያን ዕለት ትሑት ብሆን ኖሮ፣ አንገቴን ደፍቼ «ምናምን ነው እቴ፣ የልጅ ነገር ነው» ብል ኖሮ፣ ልጄ እስከ ዛሬ መጋረጃ ሥር ቆማ ቀጠሮ ትቆጥር ነበር። ስለዚህ ትሑት አያት ያላት ልጅ ካለች አዝንላታለሁ። ማን ይድራታል?