ወሬ የማያድርባቸው እትዬ ጸሐይነሽ

ወሬ የማያድርበት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ሰው አይኖርበትም ማለት ነው። በእኛ ሰፈር፣ በአሽዶድ ከተማ ሮቫ ቴት ቫቭ በሚሉት፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ጸሐይነሽ ናቸው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው እኛ ነን።

ወሬ ሲይዙ ደረጃው ላይ ይጀምሩታል፤ በሩን እስክንከፍት ግማሹ አልቋል። ሲጨርሱ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጉና፣ «ታዲያ ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ» ይላሉ። ይህን ያልተባለ ሰው በሕንጻው ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ጎረቤታችን ጋድ ሊያገባት ያሰባት ልጅ መታጨቷን የሰማችው ከእሳቸው ነው፤ ጋድ ገና ቀለበት እያየ ነበር። ደቦራ ማርገዟን ለባሏ ልትነግረው ራት ስትሠራ፣ እሱ አሳንሰር ውስጥ እንኳን ደስ ያለህ እየተባለ ነበር። ያሪን ጻቫ፣ ማለት ጦር ሠራዊት፣ የሚገባ ሰሞን የት እንደሚመደብ ነገሩት። «እትዬ፣ ጻቫው ራሱ ገና አልወሰነም እኮ» ቢላቸው፣ «ይወስናል» አሉት። ወሰነም።

የእኔ ተራ የመጣው በፈተና ነው። ኮሌጅ ኢንጂነሪንግ እማራለሁ። የቴሌኮሙኒኬሽን ኔትወርክን የመጀመሪያ ፈተና ወድቄአለሁ፤ አያቴ አባባ ይርሳው ሆስፒታል የገቡ ሰሞን ስለነበረ ደብተሩን ይዤ እሳቸው አልጋ አጠገብ ነበርኩ። የቀረኝ ሞኤድ ቤት የሚሉት ሁለተኛው ፈተና ነው። እሱን ከወደቅኩ ከትምህርት ክፍሉ እባረራለሁ። አባባ ከሆስፒታል ወጥተው አፉላ ከተማ አጎቴ አሸር ቤት ሲገቡ፣ «ፈተናውን ጨርሰሽ ስትወጪ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ» ብለውኛል።

እትዬ ጸሐይነሽ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ቆሜ የማላውቃቸው ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ «ኔትወርኩን እግዚአብሔር ይግለጥልሽ» ብለው መረቁኝ።

አንድ ቀን እትዬ ጸሐይነሽ ምን እንደማጠና ጠየቁኝ። መልእክት ተቆራርጦ እንደሚላክ፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ካልመለሰ ላኪው ደግሞ እንደሚልክ ነገርኳቸው። «ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የምትደክሚው?» አሉ አዝነውልኝ። «እኔ ሰው ሰምቻለሁ እስኪለኝ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?»

በፈተናው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ እናቴ «አባባ ትንሽ ደክመዋል፣ አይቻቸው ልምጣ» ብላ አፉላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ እትዬ ጸሐይነሽ መጡ። ደረጃው ላይ ምንም አልተሰማም። ገብተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ፔሌፎንሽን አምጪ።»

«ለምን እትዬ?»

«ትምህርት ይበትናል። ከብሂናው በኋላ ትወስጂዋለሽ።»

ብሂና ማለታቸው ፈተናዬን ነው፤ ስቄ ስልኬን ሰጠኋቸው። ወንበር አውጥተው በራችን ላይ ተቀመጡ። ሰው በመጣ ቁጥር፣ «ብሂና አለባት፣ ተመለሱ!» ሲሉ ከውስጥ እሰማለሁ። እናቴ በእሳቸው ስልክ ስትደውል ድምጿ ጎርንኖ ነበር። «እነ አሸር ቤት ማዝጋኑ የሚነፋው አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለችኝ። አመንኳት።

በማግሥቱ ምሳ ይዘውልኝ ሲገቡ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ወሬ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ። ተማሪ።»

አሟቸው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ሐሙስ ተፈተንኩ። ላኪው መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ስለመጣ እሳቸውን አስታውሼ ፈገግ አልኩ። ስመለስ ሕንጻው ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ቀለል ብሎኛል! ስልኬን ስጡኝ፣ ለአባባ ልንገራቸው።»

«ዛሬ አይሆንም» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ነገ ጧት።»

መርዶ በጎህ እንጂ በማታ አይነገርም። ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ አሸርና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እትዬ ጸሐይነሽ። ሽማግሌዎቹ «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብለው ወደ ፊት አስቀድመዋቸው ኖሯል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። ነጠላውን ሳይ ገብቶኛል፣ ግን እሳቸው እስኪናገሩ አባባ አልሞቱም ብዬ ቆምኩ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምነው ይህንን እንኳ ከእኔ ባልሰማሽ።»

አባባ ማክሰኞ ጧት አርፈው በዚያው ቀን ተቀብረዋል። እናቴ አፉላ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ነበር ጉሮሮዬን ያዘኝ ያለችኝ። አያቴን አልቀበርኩም፤ አንድ እፍኝ አፈር አልጣልኩባቸውም። እትዬ ጸሐይነሽ ላይ ጮህኩባቸው። «የሰው ሁሉ ሲነግሩ የእኔን እንዴት ደበቁኝ?» አልኳቸው። ጩኸቴን እስክጨርስ ቆመው ለአፉላው መንገድ ጫማዬን አምጥተው እግሬ ሥር አደረጉልኝ።

አሁንም ያንገበግበኛል። ደግ አደረጉ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ግን እኔ የዚያን ሳምንት ደብተሬን ሳገላብጥ፣ እሳቸው በሕይወታቸው ይዘውት የማያውቁትን ነገር ይዘው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ምን ያህል እንደከበዳቸው የማውቀው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ስልኬ ላይ ወጣ። አልፌአለሁ። እጄ የአባባን ቁጥር ፈልጎ ካገኘው በኋላ ነው ያስታወስኩት። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ።

«አለፍኩ» አልኳቸው። «ታዲያ ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ።»

ወደ ደረጃው ይሮጣሉ ብዬ ከበሩ ገለል አልኩላቸው። አልተነሡም። አጠገባቸው ያለውን ትራስ አንስተው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምነው፣ አይወጡም?»

«ትንሽ» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ትንሽ እኛው ዘንድ ይቆይ።»