የተጣለ ቀንድና ያልተጠየቀች ልጅ

እኛ አገር ጥር ሰው የሚጋባበት ወር ነው። እዚህ ስዊድን ደግሞ አጋዘን ቀንዱን የሚጥልበት። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ ሊቅ እስከ ዛሬ ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ እኔም የደረስኩበት ሊቅ ሆኜ ሳይሆን ቸግሮኝ ነው። ለማንኛውም ነገሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ቀንድ የሚጥለው ወንዱ ነው። መኸሩን ሙሉ እንደ ዘውድ ተሸክሞት ሲንጎማለል፣ የባላንጣውን ግንባር ሲፈነክትበት ይከርምና፣ ብርዱ ሲጠና ከአንዱ ዛፍ ሥር ጣል አድርጎት ራሰ በራውን አቀርቅሮ ይሄዳል። ያገባችሁ ወንዶች ይህን ስታነቡ ምን ትዝ እንዳላችሁ አልጠይቅም።

የእኛ አገር አጋዘን እንዲህ ያለ ቅሌት አያውቅም። አንዴ ካበቀለው ይዞት ይሞታል። ስለዚህ እኔ አርባ ዓመት ስቶክሆልም ስኖር፣ የከተማዋን የውሃ ቧንቧ ሳሰላ አርጅቼ ጡረታ ስወጣ፣ ቀንድ ማለት ከራስ ቅል ጋር የሚኖር ነገር እንደሆነ አምኜ ነበር። ሰው ሆን ብሎ በበረዶ መሐል ባለቤቱ የሌለበትን ቀንድ ፍለጋ ይወጣል ብትሉኝ፣ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዝላችሁ ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጄ በሊያ በኩል ነው። ሊያ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ኤሪክ ከሚባል የስዊድን ልጅ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ሶፋ፣ በአንድ የጥርስ ብሩሽ ብርጭቆ መኖር ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። ይህን ስዊድኖች ሳምቦ ይሉታል፤ ሳይጋቡ አብሮ መኖር ማለት ነው። እኔና ባለቤቴ አስካለ ለዘመድ “አብሯት የሚማር ጓደኛዋ ነው” ስንል ቆየን። ምን እንደሚማሩ የጠየቀን ዘመድ ባለመኖሩ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ባለፈው ኅዳር መጡና ልንጋባ ነው አሉን። አስካለ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እኔ እጄን አነሳሁ። ሽማግሌው የሚመጣው መቼ ነው? አልኩ። ልጄ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። በስዊድንኛዋ፣ “አባዬ፣ እኔ እሺ ብዬዋለሁ እኮ፤ ሌላ ማን ይጠየቃል?” አለችኝ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። እኔ አስካለን ሳገባ ሁለታችንም እዚሁ ተማሪዎች ነበርን። አባቷ ደሴ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ ሽማግሌ አድርጌ የምልከው አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ተጋባንና በደብዳቤ አሳወቅናቸው። “ልጄን የጠየቀኝ የለም” እንዳሉ አረፉ። ቁጣ አልነበረም፤ ቅሬታ ነው። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ አንድ ሰው መጥቶ፣ ከፊቴ ቆሞ፣ “ልጅህን ለልጄ” እንዲለኝ ፈለግሁ። አንዲት ጊዜ ልለመን። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ በአየር ላይ ይጋቡ።

ሊያ ነገሩን ጠቅልላ ለኤሪክ አባት አደረሰችው። ሰውየው ጉናር ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የእንጨት ሥራ መምህር ነው። ከእኛ ሰፈር፣ ከስፖንጋ፣ በስተሰሜን ጫካ ዳር ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብሮት ያለው ቦሴ የሚባል ውሻ ብቻ ነው። በጥር መጀመሪያ ደወለልኝና፣ ሊያ ሁለታችን የምንነጋገርበት ትልቅ ጉዳይ እንዳለ ነግራኛለች፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የኤልይ ቀንድ ፍለጋ እወጣለሁ፤ አብረን እንሂድና ቀንድ ስናገኝ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ አለኝ። ኤልይ ከበቅሎ የሚበልጥ የዚህ አገር አጋዘን ነው። “ካላገኘንስ?” ብሎ መጠየቅ የአንድ መሐንዲስ ግዴታ ነበር። ደስታው አሳወረኝና ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ልጁን የሚጠየቅ አባት ምን ይለብሳል? ሙሉ ልብስ ነዋ! ጥቁር ሱፌን ለበስኩ፣ ክራባቴን አሰርኩ፣ አስካለ ጫማዬን ወለወለችልኝ። ጉናር በጎማ ቦት ጫማና በብርቱካናማ ኮፍያ ሆኖ በር ላይ ጠበቀኝ። ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና “ያሃ” አለ። ያሃ የስዊድኖች ቃል ነው። ገረመኝ ማለት ሊሆን ይችላል፤ አዘንኩ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ መጣ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሰምቶ ለመለየት ሌላ አርባ ዓመት ይፈልጋል።

ቀንድ ፍለጋ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች አሥር እርምጃ ተራርቀው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ዓይን መሬት ላይ ነው። ኤልዩ የጋጠው የጥድ ችግኝ ያለበት ይታያል፣ የተኛበት ጉድጓድ ይታያል፣ አጥርና ቦይ የዘለለበት ይታያል፤ ሲዘል ቀንዱ ይወድቅበታልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይወራም። አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠርጌ “የዛሬ ልጆች…” ብዬ ብጀምር ጉናር ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ “መጀመሪያ ቀንዱ” አለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ቢያንስ ኩበት ለማገዶ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። እኔ ከነክራባቴ ጉልበቴ ድረስ በረዶ ውስጥ ገብቼ የምለቅመውን ነገር ጥቅሙን እንኳ አላውቀውም።

እኩለ ቀን ላይ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ጉናር ፔርሙዙን ከፈተ፤ ቡለ የሚሉትን የቀረፋ ዳቦ አወጣና እንካ አለኝ። እኔም ጨዋ ቤት ያደግሁ ነኝና “ኧረ ተወው፣ ጠግቤያለሁ” አልኩ። ጠግቤ አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ከቦሴ በላይ ይጮህ ነበር። ግን ደንቡን ታውቁታላችሁ። አንደኛው ግብዣ ለእምቢታ ነው፤ ሁለተኛው “በሞቴ” ለማመንታት ነው፤ ሦስተኛው ለመብላት ነው። ጉናር “ያሃ” አለ። ቡለውን በወረቀት ጠቀለለ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፣ የራሱን ግማሽ ቆርሶ ለቦሴ ሰጠው። ቦሴ አንዴም እምቢ አላለም። አርባ ዓመት ኖረህ ይህን አታውቅም? እንዳትሉኝ። አውቃለሁ። አንጎሌ ስዊድን ገብቷል፤ ምላሴ ግን ገና አልመጣም።

ያን ቀን ቀንድም አልተገኘም፣ ጥያቄም አልመጣም። እኔ ደግሞ ነገሩን ልጀምረው አልችልም፤ ልጄን ጠይቀኝ እያለ የሚለምን አባት የት አገር ታይቷል? በሁለተኛው ቅዳሜ ቦት ጫማ ተውሼ ወጣሁ። አሁንም ምንም። ቤት ስገባ አስካለ በሩ ላይ ጠብቃ ተገኘ ወይ አለችኝ። አልተገኘም አልኳት። ቃሉ? አለችኝ። ቀንዱ፣ አልኳት። አንተ ሰውዬ፣ ልጄን የቀንድ ከብት አደረግሃት! ብላ ጥላኝ ወደ ኩሽና ገባች።

አልቢ በሚባለው ሰፈር ጓደኛዬ ኑሩ አለ። ኑሩ የወሎ ሰው ነው፤ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ቀይ መስመር ላይ በእሱ ሽምግልና ያልታረቀ ባልና ሚስት ቢኖር ተደብቆ ነው። ሄጄ ነገሩን ዘረዘርኩለት። ጺሙን እያሻሸ አሰበና፣ ሰውየው አንዴ ቃል ወጥቶት አፍሮ ነው፤ ቀንዱ ካልመጣለት አንተ ውሰድለት፣ አለኝ። ከየት? ብለው፣ የውሻ ምግብ ከሚሸጥበት ነዋ፣ አለኝ። ለካስ እዚህ አገር ውሻ እንዲያኝከው የአጋዘን ቀንድ በመደብር ይሸጣል! ሁለት ቅዳሜ በበረዶ የተንከራተትኩበት ነገር ከድመት አሸዋ ጎን መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር። ሻጯ ልጅ ውሻህ ስንት ኪሎ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሐሳቤ ሁሉ ጉናር ላይ ስለነበር፣ ዘጠና ይሆናል አልኳት። ደንግጣ ትልቁን ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ የፖላንድ ምርት ይላል። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ልጥፉን ላጥኩት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ቀንዱ በካፖርቴ ሥር፣ እኔ በጭንቀት ሥር። ቦሴ ከካፖርቴ አልላቀቅ አለ። ጉናር ወዶሃል አለኝ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ቦሴ ግን ገና ሊበላበት ላሰበው ነበር የሚጮኸው። ረፋዱ ላይ ጉናር ሽንት ሊሸና ከዛፍ ጀርባ ሲሄድ፣ ቀንዱን መዥረጥ አድርጌ ከአንድ ጥድ ሥር ሸጎጥኩና በረዶ አለበስኩት። ሲመለስ በግዴለሽነት፣ በዚያ በኩል ብንሞክርስ? አልኩ። እሱ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አይ፣ በዚህ በኩል እንሞክር አለኝ። እኔ በቀኝ እጎትታለሁ፣ እሱ በግራ ይጎትታል። ሁለት ጨዋ ጡረተኞች በጫካ መሐል እጅጌ ለእጅጌ ተያያዝን።

የገላገለን ቦሴ ነው። በጉናር በኩል ሮጦ ሄደና ቀንድ ነክሶ መጣ። እኔ የደበቅሁት ግን በሌላው በኩል ነበር! ስለዚህ እውነተኛ ቀንድ ነው ማለት ነው። ተገኘ! ብዬ ጮህኩ፣ ከቦሴ አፍ ነጠቅሁ፣ ወደ ሰማይ አነሳሁ። ሳነሳው ከሥሩ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። ከጎኑም ልጥፍ አለበት። ለትልልቅ ውሾች፣ ይላል። የፖላንድ ምርት።

ወደ ጉናር ዞርኩ። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቲማቲም ሆኗል። አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል ቦሴ በሌላው በኩል ሄዶ የእኔን ይዞ ብቅ አለ። ሁለቱ ቀንዶች በረዶው ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ፤ የአንድ መደርደሪያ ወንድማማቾች። ጉናር ተናዘዘ፤ ከዛፍ ጀርባ የሄደው ለሽንት አልነበረም። ቀንድ ስናገኝ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ ቃሉን ለማጠፍ አፍሮ ነው፤ በዚያ ላይ እኔን ደስ ሊያሰኝ ፈልጎ ነው። እኔም ተናዘዝኩ። በረዶው ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። የሰውየውን ጥርስ ያኔ ገና አየሁት።

ከዚያ ጉናር ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ራሰ በራው በብርዱ ይጤሳል። ከኪሱ ሊያ የጻፈችለትን ወረቀት አውጥቶ፣ ልጅህን ሊያን ለልጄ ለኤሪክ እንድትሰጠን በአክብሮት እለምንሃለሁ፣ አለኝ።  አማቴ ትዝ አሉኝ። ልቤ፣ ውሰዳት ወንድሜ፣ ይባርካቸው፣ አለ። ምላሴስ? ምላሴ ገና አገር ቤት ናት። ልጄ ገና ልጅ ናት፣ አላሰብንበትም፣ አይሆንም! አልኩ።

አትፍረዱብኝ። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል አባት የት አለ? ቶሎ የተሰጠች ልጅ ቤት ያስቸገረች ነው የምትመስለው። አሁን ጉናር እባክህ ይላል፤ እኔ ከዘመድ ልማከር እላለሁ፤ አሁንም ይለምናል፤ ያኔ አቅፌ እስመዋለሁ። ሁሉን አዘጋጅቻለሁ። ጉናር “ያሃ” አለ። ኮፍያውን አደረገ። ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ያችን አከታተት አውቃታለሁ፤ ቡለውም የሄደው እንደዚያው ነው።

መኪና ውስጥ እስኪለምነኝ ጠበቅሁ። በየመብራቱ ቀና ብዬ አየሁት። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱ ያንሸራትታል አለ። ማታውን ሊያ ደወለች። በስዊድንኛ ጀመረች፤ ሲብስባት ልጅነቷ ተመለሰና በአማርኛ፣ አባዬ ምን አደረግኸኝ! አለች። ጉናር ለኤሪክ፣ አባቷ አይሆንም ብሏል፣ መከበር አለበት ብሎት፣ ኤሪክ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። አስካለ ደግሞ፣ እኔ ሳልጠየቅ አግብቼሃለሁ፣ ልጄ ግን ተጠይቃ ልትቀር ነው! አለችኝ። 

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። የሴት አባት ሆኜ ወንዱ ቤት ሽማግሌ ላክሁ! ኑሩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ሱፍ ለብሶ ክራባት አስሮ፣ እባክህ መልሰህ ጠይቀን ሊል ጉናር ዘንድ ገባ። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረሁ። አደራ፣ ምንም ቢሰጣችሁ በመጀመሪያው “እንካችሁ” ተቀበሉ፣ ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኑሩ ጺሙ ላይ የቀረፋ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። ቡለውን በመጀመሪያው ቃል ሁለት ሁለት አነሳን፣ አለኝ። ጉዳዩስ? አልኩት። ጉዳዩንማ አይሆንም አለን፣ አለኝ።  ኑሩን ሳቁ አላስችል አለው። ሊያ ደንቡን ሁሉ አስረድታው፣ ሰውየው ለካ ተዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ልመና እሺ አይልም፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ ብሎ በቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍሮታል። ስትመለሱም የኤልይ ቀንድ ይዛችሁ ኑ፣ የመደብር አልቀበልም፣ ብሏል።

ስለዚህ ሰሞኑን ከስፖንጋ በስተሰሜን ባለው ጫካ ክራባት ያሰሩ አራት ሽማግሌዎች በረዶ ሲጭሩ ካያችሁ፣ ፖሊስ አትጥሩ። ልጄን ውሰዱልኝ እያልኩ ነው።