ብስክሌት የመረጡት የበቅሎ ደላላ

አንድ ሰው ዕቃ ሊገዛ መሆኑ ከተሰማ፣ ሳይጠሩት የሚደርስ አማካሪ በየትኛውም ከተማ አይጠፋም። ደባርቅ ላይ ይህን ሹመት ማንም ሳይሾማቸው የያዙት አያ ክንዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በበቅሎ ድለላ ነው፤ ምክራቸው ግን በበቅሎ አይወሰንም። ፍሪጅ ሲገዛ ጎኑን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሶፋ ሲገዛ ወገቡን ይጫኑታል። "እኔ ሳላያት?" ብለው ብቅ ሲሉ ባለሱቁ ሁሉ ይሸማቀቃል።

ያርጋልም ይህን ስለሚያውቅ ብስክሌት ሊገዛ የወጣው ተደብቆ ነው። ያርጋል የተራራው ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ ቁልቁል ሲወርድ ተንሸራቶ ቀኝ ጉልበቱን ተጎዳ። ሐኪሙ ቁልቁለቱን ተወው፣ ብስክሌት ግን በቀላል ማርሽ ብትነዳ ያጠነክርልሃል ብሎታል። ካበጠ ግን ብስክሌቱም ይቀራል። ችግሩ ያርጋል ስለት አለበት። ቆሜ ከሄድሁ ለጥምቀት ጎንደር ድረስ በእግሬ እመጣለሁ ብሎ ተስሏል። የንስሐ አባቱ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ፔዳል የሚመታውም እግር ነው ብለው ፈቅደውለታል።

ቻላቸው ብስክሌት መሸጫ ሲደርስ አያ ክንዴ ቀድመውት በርጩማ ላይ ተሰይመዋል። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ባለሱቁ ቻላቸው በመጀመሪያ ያወጣው መሪው ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጎማው የቀጠነ ቀይ ብስክሌት ነበር። ያርጋል ልቡ ወደዳት። አያ ክንዴ ግን አንገቷን እንደደፋች፣ እግሯም ለዚህ አገር ድንጋይ እንደማይሆን ተናግረው መለሷት። ሁለተኛዋን ዳገቱን ወደ ላይ አስገፏት፤ ትንፋሿን ያዳመጡ መስለው ጎንበስ ብለው ካቴናዋን ሰሙና ትንፋሽ ያጥራታል ብለው መለሷት። ሦስተኛዋ ጎማዋ ወፈር ያለ፣ ማርሿ ብዙ፣ መልኳ የማያምር ነበረች። ሰጋር ናት፣ አካሄዷ አያንገጫግጭም ብለው ፈረዱ። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል፤ ያርጋል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ቻላቸው ለታመመ ሰው ይሻላል ብሎ፣ ሁለቱም እግሩ መሬት እንዲነካ ኮርቻውን ዝቅ አደረገለት። ያርጋል አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰ፤ ጉልበቱን ወጋው። ፊቱ ጠቆረ። ስለቱ እዚያው ሱቅ በር ላይ የቀረ መሰለው።

አያ ክንዴ ከበርጩማቸው ተነሱ።

"እርካብ ያጠረበት ሰው ጉልበቱ እንደታጠፈ ይውላል። ስንቱን እግሩን ያመመው ቄስ በበቅሎ ደረስጌ ድረስ አድርሻለሁ፤ እርካቡን እያስረዘምሁ ነው። ኮርቻውን ከፍ አድርግለት።"

ቻላቸው ቅር እያለው ከፍ አደረገው። ያርጋል ሁለተኛ ዙር ነዳ፤ ሦስተኛም ጨመረ። ሕመሙ የለም፤ ገዛት።

ሆኖም ጎንደር ሩቅ ስለሆነ በመጀመሪያ በመንገዱ ላይ እስካለችው ዳባት ሊሞክራት ወሰነ። ለአያ ክንዴ አልነገራቸውም። ዳገቱን በቀላል ማርሽ ቀስ እያለ ወጣ፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዞ ወረደ። ዳባት መግቢያ ላይ ሲደርስ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው መንገድ ዳር ቆመዋል። በሚኒባስ ቀድመውታል።

እንኳን ደህና ገባህ አላሉትም። ሱሪውን አስጠቅልለው ጉልበቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ አላበጠም። ከዚያ ብስክሌቷን ተቀብለው፣ መሪዋን እንደ ልጓም ይዘው፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያመላልሷት ጀመር። ላብ ያላት በቅሎ በአንዴ አትቆምማ። ልጆች ተሰብስበው ሳቁ። ያርጋል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ በቃ ይበሉ ለማለት ልቡ አልፈቀደም። እንዲያውም እኚህ ሰውዬ ባይመጡ ኖሮ ቅር ይለው እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

"አያ ክንዴ፣ ለጥምቀት ጎንደርም ይመጣሉ?" አላቸው።

ብስክሌቷን ሳያቆሙ ዞር ብለው አዩት።

"ያን ሁሉ መንገድ ልትሄድ፣ እኔ ሳላያት?"