ስም ያልወጣለት ማዳመጫ

ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር ከኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤታችሁ አሳንሰር ውስጥ ዓይናችሁን ላለማየት የጫማውን ክር ያጠናል። አትቀየሙት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ብሉቱዝ ከፍታችሁ ብትፈልጉ ስሙን ከነዕቃው ታገኙታላችሁ፦ «የኮሬ ማዳመጫ»፣ «የሊቭ ቴሌቪዥን»። ባለቤቱ የነፈጋችሁን ሰላምታ ዕቃው ይሰጣችኋል።

እኔ ስሜን ለዕቃ አልሰጥም። በልጅነቴ በር ተንኳኩቶ ስምህ ከተጠራ መመለስህ እንጃ ነበር። አንድ ቀን የኔ ተጠራ። «እኔ ነኝ» ብሎ የወጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ተመለሰ። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም።

ልጄ ሳራ ኮምፒውተር አጥንታለች። አሮጌ ላፕቶፔ ላይ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭናበት፣ ማዳመጫ ለማገናኘት እንኳ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ፈልግ፣ አጣምር፣ እመን፣ አገናኝ። ሦስተኛው ላይ እጄ ይከብደኛል።

«አባ፣ ለማዳመጫህ ስም አውጣለት እንጂ!»

«ምን ያደርግለታል?»

«ኔይ፣ አይሆንም አባ! በዚህ ሁሉ ጎረቤት መሀል በምን ትለየዋለህ?»

«ስሙን የማይናገረው የኔ ነው።»

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጥገና ገብቶ ሳለ ወንድሜ ከደሴ ላፕቶፔ ላይ ደወለ። ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው። የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ከሞተ ቆይቷል። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ «ፈልግ» አልኩ። ባለስሞቹ ተግተለተሉ። ከፋብሪካ እንደወጣ በቁጥር የቀረ አንድ ብቻ። የኔ! አገናኘሁት። «ተገናኝቷል» አለ መስኮቱ። ጆሮዬ ጭጭ። ለካ የኔው ባትሪው አልቆ ኖሯል።

ከግድግዳው ማዶ ግን፦ «ጎሹ! አንተ ጎሹ! ትሰማኛለህ?»

ኦስሎ ውስጥ ማንም የማያውቀው የልጅነት ስሜ በጎረቤቴ ድምፅ ማጉያ አስተጋባ። ልቁረጠው? ወንድሜ ሊገባ ነው።

«እሰማሃለሁ ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ያስጮህሃል? ደንቁረሃል?»

«ጋሼ፣ ያን ቀን በኔ ስም የወጣህ ጊዜ…»

«ተወው! አሁንም እየጠሩኝ ነው። እነዚህ እንኳ ሊያድኑኝ ነው።» ሳቀ።

ሳቁ መሀል ላይ ከግድግዳው ማዶ የማጉያው ድምፅ ከፍ አለ። ጎረቤቴ ማጥፋት ሲችል ጨምሮልኛል።

ወንድሜ በሰላም ወጣ። በማግስቱ ጎረቤቴ አሳንሰር ውስጥ የጫማውን ክር እያየ በኖርዌጅኛ ጠየቀኝ።

«ጎሹ፣ ሰውዬው ደኅና ነው?»

«አዎ። ወንድሜ ነው፤ ደኅና ነው። የአንተስ ስም ማን ነው?»

በሩ ተከፈተ። «ፎቄ ደረሰ» ብሎኝ ወረደ።

ሁለታችንም አምስተኛ ፎቅ ነን። ገና ሁለተኛው ላይ ነበርን።